ለግሸን ጉዞ ሳይታችን ማታ ማታ ይዘጋል፣ ፍጠኑልኝ

የአምባሰሏ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄዱ እንግዶች የመኪና ወንበርና ማደሪያ የሚይዙበት ሳይት አለን። መስከረም 21 ደርሷል፣ ሳይቱ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ 508 ብሎ ይዘጋል። ቀን ደህና ነው። ሰው ከፍሎ ወንበሩ ይያዝለት አይያዝለት አያውቅም፣ ስልካችንም አላርፍ ብሏል። ትልቅ ሰርቨር ልግዛ? ዛሬ ሳይመሽ መልሱልኝ በማርያም።

ጦሳ፦
ካሽ ፕለጊን (ገጹን አንዴ አዘጋጅቶ ለሁሉም የሚያሳይ ተጨማሪ ሶፍትዌር) ጫኚበት፣ አለቀ።

ሐይቅ ዳር፦
እህቴ፣ በምን እንደተሠራ እንኳን አልነገርሽንም። ዎርድፕረስ (የሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው? ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ሳይቶች ጋር የምትጋሩት ሰርቨር) ነው ወይስ የራሳችሁ ሰርቨር? ለወደፊቱም ልንገርሽ። መስከረም 21 ከዓመት ዓመት ቦታውን አይቀይርም፣ ስለዚህ ዝግጅቱ ክረምት ላይ ያልቃል። የሳይቱን ቅጂ ሌላ ቦታ ታስቀምጪና እንደ ኬ6 ባለ መሣሪያ የውሸት ጎብኚ ትልኪበታለሽ። ቁጥሩን ቀስ እያልሽ ስትጨምሪ የት ላይ እንደሚሰበር ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። በዋናው ሳይት ላይ ግን እንዳትሞክሪው፣ ራስሽ ትጥይዋለሽ።

ቦርከና፦
ለዚህ ሳይት ለምን አስፈለገ? ቴሌግራም ቻናል ይበቃል።

የአምባሰሏ፦
ቴሌግራሙም አለን ወንድሜ። በቻት ስንመዘግብ ግን አንዱ ወንበር ለሁለት ሰው ይደርሳል፣ ስንት እንደቀረ የሚያሰላው ሳይቱ ነው። ዎርድፕረስ ነው፣ ሼርድ።

ወረኢሉ፦
የግሸንን ዳገት ሲያስብ ነው ሳይቱ ያለከለከው! አብሽሪ። የጎብኚ ቆጣሪና የቀጥታ ቻት ፕለጊን ካለሽ አሁኑኑ አጥፊው። ቆጣሪው በእያንዳንዱ ሰው ዳታቤዝ (የሳይቱ መረጃ ማከማቻ) ላይ ይጽፋል።

ኮምቦልቻ፦
ሰርቨር ለመግዛት አትቸኩይ። 508 ማለት ሰርቨሩ ሞተ ማለት አይደለም። የናንተ አካውንት የተፈቀደለትን ሲፒዩ፣ ሚሞሪ ወይም በአንዴ የሚያስተናግደውን ጥያቄ ጨርሷል ማለት ነው። ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ሪሶርስ ዩሴጅ የሚለውን ክፈቺ፣ የትኛው እንደሞላ ያሳይሻል። ቀጥሎ አክሰስ ሎጉን (ማን መቼ የቱን ገጽ እንደከፈተ የሚመዘግበውን ፋይል) እዪ። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ከሆነ የኛ ምሽት 1 ሰዓት እዚያ 16:00 ነው፣ እንዳትሳሳቺ። አንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) መግቢያ ገጹን ደጋግሞ የሚደበድብ ከሆነ ቦት (ሰው ያልሆነ ፕሮግራም) ነው፣ ዝጊው። እውነተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ የቱን ገጽ እንደሚከፍት ንገሪኝ።

ጦሳ ያለው ካሽ ለዋናው ገጽ፣ ለዋጋና ለመነሻ ሰዓት ትክክል ነው። የምዝገባና የክፍያ ገጽ ግን ካሽ አይደረግም። የአንዱ ስምና ስልክ ለሌላው ሊታይ ይችላል፣ ይሄ ከመዘጋቱ ይብሳል።

ቦርከና፦
ክላውድፍሌር (በሳይቱና በጎብኚው መሃል ሆኖ ጫና የሚቀንስ አገልግሎት) በነጻ አለ፣ ለምን አታስገባውም?

ኮምቦልቻ፦
ጥሩ ነው፣ ግን ዛሬ ማታ አይነካም። እሱን ለማስገባት የስም ሰርቨር (የሳይቱን አድራሻ የሚመራው) ይቀየራል፣ ለውጡ ሁሉም ጋ እስኪደርስ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ዲኤንኤሱም (የሳይቱና የኢሜይሉ አድራሻ መዝገብ) ሳይጎድል ካልተገለበጠ ኢሜይላቸው ሊቆም ይችላል። ከበዓሉ በኋላ።

የአምባሰሏ፦
ቆጣሪውን አጠፋሁት። የሞላው በአንዴ የሚያስተናግደው ጥያቄ የሚለው ነው። ሎጉን አየሁት፣ ቦት አይመስልም። ሰዉ አንዱን የወንበር ገጽ ነው ደጋግሞ የሚከፍተው፣ ያውም ከአንድ ስልክ ብዙ ጊዜ።

ጦሳ፦
ካሹን ጫንሽው ወይ?

ኮምቦልቻ፦
በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። የጎብኚ ብዛት ብቻ አይደለም። ከፍለው ማረጋገጫ ስላልደረሳቸው ገጹን ያድሱታል፣ ባደሱት ቁጥር ይከብዳል፣ ሲከብድ ደግሞ ደንግጠው እንደገና ያድሳሉ። ሰርቨር ብትገዢም ይሄው ይቀጥላል። ዛሬ የምታደርጊው፦ ክፍያ እንደገባ ወንበርዎ ተይዟል የሚል አጭር የስልክ መልእክት ይሂድላቸው። በሶፍትዌር ካልደረሰ አንድ ልጅ አስቀምጣችሁ በእጅ ላኩ። የቀረውን ወንበር ቁጥር ከምዝገባው ገጽ አውጥተሽ ለብቻው አድርጊው፣ እሱ ለ1 ደቂቃ ካሽ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ወንበሩ መኖሩ ግን ሰው ያዝ ብሎ ሲጫን ከዳታቤዙ በቀጥታ ይታይ፣ ያለዚያ ያው የቻቱ ጣጣ ይመለሳል። ሳይቱ ላይ በስልክ የተነሱ ፎቶዎች ካሉም አሳንሻቸው፣ እንዳሉ ከተጫኑ እያንዳንዳቸው 4 እና 5 ሜጋባይት ይሆናሉ፣ በዳታ ለሚከፍት ሰው ከባድ ነው። ይህም ካልበቃ ሆስቲንጉን ለአንድ ወር አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉልን በያቸው፣ እዚያው ስለሆነ ሳይቱን ማዛወር ላያስፈልግ ይችላል። ከመንካትሽ በፊት ባክአፕ ውሰጂ።

ሐይቅ ዳር፦
ባክአፑን ስልክሽ ላይም አስቀሪ፣ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳይሆን።

ኮምቦልቻ፦
ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ሪሶርስ ዩሴጁን ከፍተሽ ጠብቂ። ያ የሞላው መስመር ወረደ ወይስ እንዳለ ነው? ጻፊልኝ፣ ኦንላይን ነኝ።