የወትዝ ቢላዬ ጥለቱ ጠፋብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ባለሙያዎች፣ ግራ ገብቶኛል፤ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ወትዝ (ካርቦን የበዛበት፣ ላዩ ላይ ሞገድ መሰል ጥለት የሚታይበት የጥንት ብረት) አቅልጬ ቢላዋ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ንጹሕ ብረት፣ ከሰል፣ ቅንጣት ታህል ቫናዲየም፣ ከላይ የተፈጨ ብርጭቆ። ካርቦኑን 1.5 በመቶ ገደማ እንዲሆን ነው የመዘንኩት። ማቅለጡ ላይ ችግር የለም። እቶኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ የሚወጣው ድብልብል ብረትም ቀዳዳ የለውም። ላዩ ላይ ቅርንጫፍ የመሰሉ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሲያምር!

ጣጣው የሚመጣው ቅጥቀጣው ላይ ነው። ከቀይ ሳላሳልፍ ስመታው ዳሩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በሞረድ አንስቼ ስቀጥል ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ይከፈታል። ወደ ብርቱካናማ ሳግለው ደግሞ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ግን አለስልሼ ጥለቱን በሚያወጣው ኬሚካል፣ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ስነክረው ወጥ ግራጫ ነው። ጀርባው አካባቢ ብቻ ደብዛዛ ነጠብጣብ አለ።

ጥለቱን የሚሠሩት ተሰልፈው የሚቆሙት የካርባይድ (የብረትና የካርቦን ውህድ) ቅንጣቶች እንደሆኑ፣ ሙቀት ሲበዛም እንደሚሟሟ አውቃለሁ። ያቃተኝ መሃሉን ማግኘት ነው።

ከመቀጥቀጤ በፊት ድብልብሉን ለረጅም ሰዓት አግዬ ላዩ ካርቦን እንዲቀንስ ባደርግ ስንጥቁ ይቆማል? ስንት ሰዓት፣ በስንት ዲግሪ? ጥለቱ የጠፋውን ቢላዋስ ደጋግሞ በማጋልና በማቀዝቀዝ መመለስ ይቻላል ወይስ ልጣለው? በእጁ የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። በዓይን ቀለሙን እያዩ ሙቀት መገመትማ አልሆነልኝም፤ ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ) የምትጠቀሙ ቁጥሩን ጻፉልኝ።