የኢንስፔክሽን ደረጃና የተማሪ ስብጥር፦ ቦሌ አራብሳ ላይ የትኛውን ትምህርት ቤት ልምረጥ?

እናት ከጉርድ ሾላ
ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ክረምት ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ስለምንዛወር ልጄን ሰባተኛ ክፍል ለማስመዝገብ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እያየሁ ነው። ከቤታችን የሚርቀው በኢንስፔክሽን (በትምህርት ቤቶች ግምገማ) ደረጃ 3፣ ቅርቡ ደግሞ ደረጃ 2 ነው። ቅርቡን ሰዎች «የተነሺና የተከራይ ልጅ ስለሚበዛበት ውጤቱ ዝቅተኛ ነው» ይሉኛል። ይህ ሊያሳስበኝ ይገባል?

ጡረተኛ መምህር
ደረጃው የሚሰጠው ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ተይዞላቸው ከሚገኘው ድምር ነው። ድምሩ 50 ሲሞላ ደረጃ 2፣ 70 ሲሞላ ደረጃ 3 ስለሚባል፣ 69 እና 71 ያገኙ ትምህርት ቤቶች በማስተማር እምብዛም ሳይለያዩ በደረጃ ይለያያሉ፤ 51 እና 69 ያገኙት ግን እኩል ደረጃ 2 ተብለው ይጠራሉ። በዚያ ላይ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት የተሟላለት ትምህርት ቤት በግብዓት ነጥብ ስለሚያገኝ፣ እኔ ብሆን ርእሰ መምህሩን የምጠይቀው የሂደቱን ነጥብ ለብቻው ነው፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚሠራው የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

የአራብሳ ነዋሪ
መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ የውጤቱ 40 በመቶ ግን የቤተሰብንም አቅም ይዞ እንደሚመጣ መዘንጋት የለበትም። እዚህ ዕጣ የደረሰው፣ ከመሐል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሣው፣ ተከራዩና ነባሩ አርሶ አደር አንድ ላይ ይኖራሉ። አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅና ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ሰፈር የሚቀይር ልጅ ተመሳሳይ ውጤት ባያመጡ ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው የወጡት ተማሪ መርጠው ስለሚቀበሉም ጭምር ነው። «የተነሺ ልጅ» የሚለውን አነጋገር ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለልጅዎ ባያሰሟት እመርጣለሁ።

የሁለት ልጆች አባት
በከፊል አልስማማም። ተማሪው በየወሩ በሚገባና በሚወጣበት ክፍል መምህሩ ትምህርቱን ደጋግሞ ከመጀመሪያው ለማስረዳት ስለሚገደድ፣ እዚያው የቆየችው ልጅም ትጎዳለች። ስለዚህ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ስንቱስ በዓመቱ አጋማሽ እንደሚለቅ ይጠይቁ። በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስለሚጠብቃት የሁለቱንም ያለፉ ሦስት ዓመታት ውጤት ያስተያዩ፤ ከዓመት ዓመት የተሻሻለው ቅርቡ ከሆነ ማለዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆምበት ምክንያት አይታየኝም።