የእድራችን ሮቶ የት ይቀመጥ? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቀበሌ በምናስገባው ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ቀርቶናል። ባለ 2,000 ሊትሩ ሮቶ መጋዘኑ ጎን ከፍ ብሎ ይቀመጣል ብለናል። ሁለት ባለ 4 ሜትር የብረት ቢሞች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። አንዱ ጫፋቸው የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው አዲስ በሚቆሙ ሁለት ኮለኖች ላይ ያርፋል። ሮቶው ቢሞቹ ላይ የቱ ጋ ይሁን?

በያጁ፦ ግድግዳው ጋ ይጠጋ እንጂ! ቧንቧው እዚያው ነው። 1 ሜትር ብቻ ገባ ይበልና ወጪ እንቆጥብ አቦ።

መምህርቷ፦ ቆይ ወንድሜ። ሲሞላ ውሃው ብቻ 2,000 ኪሎ ነው። ግድግዳው ጋ ሆነን ሞመንት፣ ማለትም ሸክሙን በርቀቱ አባዝተን፣ እንውሰድ። 2,000 በ1 ሜትር ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 500 ነው። ኮለኖቹ የሚሸከሙት እሷን ብቻ ነው። የቀረው 1,500 ኪሎ ያ ያረጀ ብሎኬት ላይ ይወድቃል። ግድግዳውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ መሃል ይሁንና እኩል ይካፈሉታ።

መምህርቷ፦ እኩል ይካፈላሉ፣ 1,000 ለ1,000። ግን ቢም ክፉኛ የሚጎብጠው ሸክሙ መሃል ሲሆን ነው። የመጉበጡ ሞመንት ከዳር 1 ሜትር ላይ ከሚሆነው በሲሶ ይበልጣል። ወፍራም ብረት ግዙ ስንልህ የምትጮኸው አንተው ነህ። እኔ ኮለኖቹ ጋ ይጠጋ ባይ ነኝ፦ ለእነሱ 1,500፣ ለግድግዳው 500።

አንድ ወጣት አባል፦ ቢሙን አስረዝመን ከኮለኖቹ ውጪ ብናወጣውስ? ለከሰዓት ጥላ ይሆነን ነበር።

የምድር ባቡር ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ለጥላው ዛፍ ትከል። 1 ሜትር አልፎ ከወጣ የግድግዳው ጫፍ ሽቅብ ይነሳል። የቢሙ ክብደት ትንሽ ቢያግዝም፣ ወደ 500 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ቁልቁል መታሰር አለበት። ሌላም አለ። ሁለቱንም ጫፍ እንዳትበይዱ። በድሬዳዋ ፀሐይ ብረት ይረዝማል፤ 30 ዲግሪ ሲጨምርበት 4 ሜትሩ ወደ 1 ሚሊ ተኩል ይለጠጣል። የባቡር ድልድይም አንድ ጫፉ ይታሰራል፣ ሌላው እንዲንሸራተት ይተዋል።

በያጁ፦ እሺ ጋሼ። ኮለኖቹ ራስ ላይ ላሜራ ይቀበርልኝና እዚያ እበይዳለሁ። ግድግዳው ጋ ሞላላ ቀዳዳ አውጥቼ በብሎን እይዘዋለሁ። ቧንቧ 2 ሜትር ይጨመር።

ገንዘብ ያዥ፦ 2 ሜትር ቧንቧ አያጣላንም። ግን ግድግዳው 500ውንስ ይችላል?

መምህርቷ፦ ቢሞቹ የሚያርፉበት ቦታ አርማታ ይፈሰስበት፤ ሸክሙ አንድ ብሎኬት ላይ ብቻ እንዳያርፍ። የእኔ ስሌት ለውይይት ነው፣ መሐንዲስ አይቶ ይፈርም። ባዶው ሮቶም ይታሰር፣ ነፋስ ይጥለዋል።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሮቶው መሃሉ ከኮለኖቹ 1 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቦታው ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አፈሩም አሸዋማ ስለሆነ የኮለኖቹ መሠረት ሰፋ ይላል። ሥራው የሚጀመረው መሐንዲስ ከፈረመ በኋላ ነው።» የምትጨምሩት ካለ እስከ እሑድ ስብሰባ።