የስፓኒሽ ትምህርት ረቂቅ ዕቅድ፦ አባላት ሐሳብ የሚሰጡበት

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ለቦርዱ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ትልቁን ቁጥር የያዙት ከኤል ሳልቫዶር የመጡት ናቸው። በአንድ ወጥ ቤት አብረን እንሠራለን፣ ልጆቻችን በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ንግግራችን ግን ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ለ30 አባላት ዱኦሊንጎ የተባለውን የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ የክፍያ አገልግሎት ብንገዛ፣ በሳምንት አንድ ቀን በዙም ብንገናኝና በ12ኛው ሳምንት ፈተና ብንሰጥ ብዬ አስባለሁ። የሚጨመረውን ጨምሩ፣ የሚቀነሰውን ቀንሱ።

ሒሳብ ያዥ፦
የክፍያውን ነገር አልደግፍም። ዱኦሊንጎ በነጻም ይሠራል፤ ማስታወቂያውን መታገሥ ብቻ ነው። ከእርሱ የሚሻልም በነጻ አለ። ላንጉዊጅ ትራንስፈር የሚባለው የስፓኒሽ ትምህርት 90 የድምፅ ክፍሎች አሉት፤ የሚተዳደረው በፈቃደኞች ልገሳ ነው። መምህሩ ሚኻሊስ ኤሌፍቴሪዩ ተማሪውን ሲጠይቅ አድማጩ ድምፁን አቁሞ ራሱ ይመልሳል። መጽሐፍ መግለጥ ስለማይጠይቅ ታክሲ ለሚነዱ አባሎቻችን ይመቻል። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ማንጎ የተባለውን የቋንቋ ትምህርት ለካርድ ባለቤቶች በነጻ ይሰጣሉ። እያንዳንዱ አባል በሚኖርበት አካባቢ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ።

ነርስ አባል፦
በሒሳብ ያዣችን ሐሳብ እስማማለሁ። ፈተናውንም እንተወው። አርሊንግተን የሚገኘው የውጭ አገልግሎት ተቋም ለአሜሪካ ዲፕሎማቶች ስፓኒሽ ለማስተማር 30 ሳምንት ያህል ይመድባል፤ እነዚያ ደግሞ ደመወዝ እየተከፈላቸው ቀኑን ሙሉ የሚማሩ ናቸው። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣች እናት በ12 ሳምንት ምን ያህል እንደምትደርስ ከዚህ መገመት ይቻላል። ግባችን ሰላም ማለት፣ ስምና አድራሻ መናገር፣ ቀጠሮና ዋጋ መጠየቅ፣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ማለት ይሁን። ይህን ያህል ከቻልን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን በረቂቁ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ የምንሠራ ብዙዎች ነን። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ለታካሚው ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በትምህርታችን በሽተኛውን እናጽናና፣ ውኃ እናቀብል፣ ትራሱን እናስተካክል፤ ስለ መድኃኒት መጠንና ስለ ቀዶ ሕክምና ስምምነት ግን ማናችንም እንዳናስተረጉም። በግማሽ እውቀት የሰው ሕይወት ይጠፋል።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
ሁላችሁም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ረሳችሁት። ዱኦሊንጎ ለአማርኛ ተናጋሪ ያዘጋጀው የስፓኒሽ ትምህርት የለም። በእኔ ወጥ ቤት ያሉት እናቶች ሽንኩርት ከሚከትፉት ሳልቫዶራውያን ጋር በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ ይማር ማለት በሩን ዘግቶ ግቡ ማለት ነው። ዕቅዱ እነርሱን ካላካተተ ድምፄን አልሰጥም።

ነርስ አባል፦
ልክ ነሽ እህቴ። ለእነርሱ ድሪሚንግ ስፓኒሽ የሚባለውን የዩቲዩብ ትምህርት አስቢ። መምህራኑ እየሳሉና በእጅ እያሳዩ፣ ቀስ ብለው፣ ከጀማሪ በታች ከሚባለው ደረጃ ተነሥተው በስፓኒሽ ብቻ ይናገራሉ። እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት ከማናችንም ወደኋላ አትቀርም።

ኩባ የተማሩ አባል፦
ልጆቼ፣ የሁላችሁንም አነበብሁ። እኔ ስፓኒሽን የተማርሁት በልጅነቴ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ጋር ወደ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደተባለችው ደሴት በተላክሁበት ዘመን ነው። ያኔ መተግበሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቋንቋውን ያስያዘን ከሰው ጋር መዋላችን ነው። ስለዚህ ሳምንታዊውን ውይይት እኔ እመራለሁ። እንደ እኔ ኩባ ያደጉ ሁለት ወዳጆቼንም እጠይቃለሁ። ለተማሪው የሚረዳ የአማርኛ ማስታወሻም አብረን እናዘጋጃለን፤ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀልለው ብዙ ነውና። «እናገራለሁ» ስንል ተናጋሪው በግሡ ውስጥ እንዳለ ሁሉ በስፓኒሽም «አብሎ» ብቻ ይበቃል። በስፓኒሽ ያለው የ«ኝ» ድምፅም ቢሆን አያስቸግረንም።

ከትምህርቱ ምርጫ ግን አንድ ነገር ይስተካከል። መተግበሪያዎቹ ለ«አንተ» ወይም ለ«አንቺ» በአብዛኛው የሚያስተምሩት «ቱ»ን ነው፤ ሳልቫዶራውያን ግን እርስ በርሳቸው «ቮስ» ይባባላሉ፣ ግሡም ይለወጣል፤ «አለህ» ለማለት «ቲዬኔስ» የሚለው «ቴኔስ» ይሆናል። የእኔም የኩባ አነጋገር «ስ»ን ይውጣል። ጀማሪ በዚህ መካከል ግራ እንዳይጋባ በ«ኡስቴድ»፣ ማለትም በ«እርስዎ» እንጀምር። በማዕከላዊ አሜሪካ በሰፊው ይሠራበታል፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ከእኛም ጨዋነት ጋር ይስማማል። «ቮስ»ን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ያስተምሩናል።

ወጣት አባል፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን! እኔ በኢንተርኔት ስላሉት ማኅበረሰቦች ልጨምር። ታንደምና ሄሎቶክ በተባሉት መተግበሪያዎች ቋንቋ የሚለዋወጥ ሰው ይገኛል፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በብዛት የሚፈልጉት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ያለን ወጣቶች በልዋጭ እናቀርባለን። የሰዋስው ጥያቄ ለሚያስቸግራችሁ በሬዲት ላይ ያሉት የስፓኒሽ ተማሪዎች ቡድኖች ይመልሳሉ፤ ለግሥ እርባታም ስፓኒሽዲክት የተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ። ነገር ግን ደንብ ይውጣ፦ በእነዚህ ቦታዎች ለተዋወቁት ሰው ገንዘብ አይላክ፤ አድራሻና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አይነገር። ቋንቋ ልለማመድ ብሎ ቀርቦ ገንዘብ የሚጠይቅ አይጠፋም።

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦
የተሻሻለው ረቂቅ የሚከተለው ነው፤ ካልተቃወማችሁ ለቦርዱ ይቀርባል።

«ማኅበሩ ለመተግበሪያ ክፍያ አይፈጽምም። አባላት በየቤታቸው በነጻ የሚገኙትን ይጠቀማሉ፦ ለሾፌሮች የድምፅ ትምህርት፣ እንግሊዝኛ ለማያውቁ የስፓኒሽ ቪዲዮ፣ ለሌላው የፈለገውን። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት ኩባ የተማሩ አባሎቻችን የሚመሩት ውይይት በአካል ይካሄዳል፤ በሥራ ምክንያት መምጣት ለማይችሉ በዙም ይተላለፋል። ትምህርቱ በ‹ኡስቴድ› ይጀምራል፤ አጭር የአማርኛ ማስታወሻም ይታተማል። ፈተና የለም። የሕክምና ማስተርጎም አይፈቀድም። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ሳልቫዶራውያን ጎረቤቶቻችን ይጋበዛሉ፤ ግማሹ ሰዓት በስፓኒሽ፣ ግማሹ እነርሱ በሚመርጡት ቋንቋ ይሆናል።»

የምግብ ቤት ባለቤት፦
አሁን ድምፄን እሰጣለሁ። ቦታውን እኔ እችላለሁ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። ነገር ግን ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው ካላገኙ አይመጡም።

ሒሳብ ያዥ፦
ከመተግበሪያው የተረፈው ገንዘብ ለሕፃናት ጠባቂና ለማስታወሻው ሕትመት ይዋል። ሁለቱን አስልቼ ረቡዕ ከረቂቁ ጋር ለቦርዱ እልካለሁ። ልጆች ያሏችሁ እስከ ማክሰኞ ማታ ቁጥራቸውንና ዕድሜያቸውን ጻፉልኝ።