ለአየርላንድ ባህል ወዳጅ የትኛውን መጽሐፍ ልስጥ?

የዳብሊኗ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዳብሊን ስገባ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ማክሰኞ ማታ ለስደተኞች በነፃ የሚያስተምሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት አጠገባቸው አስቀምጠው «አንብቢ፣ ድገሚ» እያሉ ለሰው አበቁኝ። በሚቀጥለው ወር 70 ዓመት ይሞላቸዋል። የአገራቸውን ነገር እንደ ነፍሳቸው ይወዳሉ፤ ቲን ዊስል የሚባለውን የቆርቆሮ ዋሽንት ይነፋሉ፣ በየበጋው የአይሪሽ ቋንቋ ወደሚነገርበት ወደ ኬሪ ይወርዳሉ። ለልደቱ ወንድማቸው ከቦስተን ይመጣሉ። ወንድምየው በወጣትነት የተሰደዱ ናቸው፤ አገራቸው ሲነሳ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፣ ወፍራም መጽሐፍ ግን አይወዱም።

ለሁለቱም መጽሐፍ መስጠት እፈልጋለሁ። በጀቴ 60 ዩሮ ነው። ጭንቀቴ ሁለት ነው፦ የመምህርቴ ቤት ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ስለሆነ ያላቸውን እንዳልደግም፤ ሁለተኛ፣ የመደብሩ ልጅ የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» ሰጥቶኝ ሁለት ገጽ አንብቤ መለስኩት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንባቢ ከኮርክ
እህቴ፣ መመለስሽ ልክ ነው። «ዩሊሲስ» በ1922 ፓሪስ የታተመ፣ የአንድ ቀን ውሎ ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ነው፤ ቀኑም በፈረንጆቹ ሰኔ (ጁን) 16 ቀን 1904 ነው፣ ዳብሊን ውስጥ። ታላቅ ሥራ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንባቢው ራሱ ፈልጎት ካልሆነ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ለወንድማቸው የክሌር ኪገንን «ፎስተር» ስጪ። ከመቶ ገጽ በታች ነው፤ በአውሮፕላን ላይ ተጀምሮ በአውሮፕላን ላይ ያልቃል። እናቷ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ቤተሰቧ በልጅ የበዛ አንዲት ልጅ ለአንድ በጋ ዌክስፎርድ ዘመድ ቤት ትላካለች፤ እዚያ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ያሳድሯታል። እኛ አገር ለአክስት ተሰጥቶ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ የራሱን ያያል። ደራሲዋ አትጮህም፤ ብዙውን ነገር በዝምታ ታስተላልፈዋለች። በ2022 በአይሪሽ ቋንቋ ፊልም ሆኖ ወጥቷል፣ ስለዚህ ወንድምና እህት አብረው ሊያዩትም ይችላሉ።

የጎልዌዩ ሹፌር
በአውቶቡስ ሥራ 11 ዓመት እዚህ ነኝ፤ የምዕራቡን ወገን ነገር ትንሽ አውቃለሁ። መምህርትሽ ኬሪ የሚሄዱ ከሆነ የታላቁ ብላስኬት ደሴትን ያውቁታል። ነዋሪዎቹ በ1953 ለቀው ወጥተዋል፤ የደሴቱ ሰዎች የጻፉት ግን ቀርቷል። ከሁሉ እኔ የምመርጠው የቶማስ ኦ ክሪምሃንን የሕይወት ታሪክ ነው፤ በአይሪሽ በ1929 ታተመ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙም በ1934 ወጣ። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ኑሮውን ሳያጋንንና ሳያለቅስ ነው የሚነግርሽ።

የፔግ ሴየርስን መጽሐፍ ግን አትስጪ። እሱም ስለ ብላስኬት ነው፣ ጥሩም ነው፤ ነገር ግን በእሳቸው ዕድሜ ያለ አየርላንዳዊ ብዙው በትምህርት ቤት ለፈተና በግድ ስላነበበው ስሙ ሲጠራ ፊቱ ይጠቁራል። ይህን ከተሳፋሪዎቼ አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ሌላ አሳብ፦ «አን ዱአነሬ» የሚባል መድበል አለ፤ ከ1600 እስከ 1900 የተገጠሙ የአይሪሽ ግጥሞች ናቸው። በአንድ ገጽ አይሪሽ፣ በትይዩ እንግሊዝኛ። መሬታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ግጥም ስለሆነ ስደተኛ ሲያነበው ልቡን ይነካዋል። አንቺም የትይዩውን ታነቢያለሽ፣ እሳቸው አይሪሹን ድምፅ ከፍ አድርገው ያነቡልሻል። ማስተማራቸው እንዲህ ቢቀጥል ምን ያህል ደስ ይላቸዋል!

የሁለት ልጆች እናት
የኪገንን ሌላውንም ጨምሪበት፦ «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ»፣ 2021። በ1985 የገና ሰሞን ኒው ሮስ ከተማ ውስጥ ከሰል የሚሸጥ አንድ አባወራ ገዳም ውስጥ ምን እንደሚደረግ ያያል፤ ከዚያ ዝም ይበል ወይስ አይበል የሚለው ነው ታሪኩ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ።

አንባቢ ከኮርክ
ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ለልደት ግን አስቢበት። ነገሩ የማግዳሌን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች፣ ማለትም መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው፣ ሴቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ የሚሠሩባቸው ቤቶች ጉዳይ ነው። የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2013። በ70 ዓመት ሴት ቤተሰብ ውስጥ እህት ወይም አክስት ያለፈችበት ሊሆን ይችላል። መምህርትሽን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ጠይቀሽ ብቻ ነው እንጂ በዘፈቀደ ኬክ አጠገብ አታስቀምጪው።

የሁለት ልጆች እናት
ልክ ብለሃል፣ ይህን አላሰብኩትም።

ሸገር አንባቢ
ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። መደርደሪያው ሙሉ ለሆነ ሰው ሥዕል ያለበት እትም ይሻላል ባይ ነኝ። የጥንቱ የአየርላንድ ጀብድ «ዘ ቶይን» በቶማስ ኪንሴላ ትርጉም፣ በሉዊ ለ ብሮኪ ብሩሽ ሥዕሎች፣ በ1969 የወጣው። ታሪኩ የሚጀምረው በአልጋ ላይ ነው፤ ንግሥት ሜቭና ባሏ ማን የበለጠ ሀብት እንዳለው ከብትና በጉን እየቆጠሩ ይከራከራሉ። እኩል ይሆኑና ባልየው በአንድ ነጭ ቀንድ ኮርማ ብቻ ይበልጣታል። ንግሥቲቱ ያንን የሚስተካከል፣ ኩሊ በሚባል አገር ያለ ቡናማ ኮርማ ለመውሰድ ጦር ታዘምታለች። ለከብት ሲባል የተዘመተውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለምና አንቺም ብታነቢው እንግዳ አይሆንብሽም።

ግጥም ካሻሽ ደግሞ ሲመስ ሂኒ። በ1995 ኖቤል ያገኘ ነው፤ ቤተሰቡ የመረጡለት መቶ ግጥሞች በ2018 ወጥተዋል። ለወንድማቸውም ይሆናል፤ አንዱን ግጥም ብቻ አንብቦ መዝጋት ይቻላል። ድንች ስለሚቆፍር አባትና ብዕር ስለያዘ ልጅ የገጠመው እኔን አባቴ ማሳ ውስጥ ይመልሰኛል።

የጎልዌዩ ሹፌር
ተግባራዊውን ልጨምር። ከመክፈልሽ በፊት የስጦታ ደረሰኝ ጠይቂ፤ ዋጋ አይጻፍበትም፣ ያላቸው ከሆነ ይቀይሩበታል። ስለዚህ በመጽሐፉ ገጽ ላይ አትጻፊ፤ ምርቃትሽን ካርድ ላይ ጽፈሽ ውስጡ አስገቢ። የቆየ እትም ከፈለግሽ ደግሞ ጎልዌይ ያሉትን ያገለገሉ መጻሕፍት መደብሮች ደውለሽ ጠይቂ፤ አዲሱ ዳብሊን ውስጥ ዶሰን መንገድ ላይ ያለው ሆጅስ ፊጊስ ጋ ይገኛል፣ የአየርላንድ መጻሕፍት ክፍሉ ሰፊ ነው።

ሸገር አንባቢ
አንድ ነገር ረሳሁ። ዳብሊን ያለው ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ውስጥ የግዕዝ ብራናዎች አሉ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ለእይታ የወጡ መሆናቸውን አስቀድመሽ ጠይቂና መምህርትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። እሳቸው የሳቸውን አሳዩሽ፣ አንቺም የኛን አሳዪያቸው።

የዳብሊኗ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሰንኩ፦ ለመምህርቴ «አን ዱአነሬ»፣ ለወንድማቸው «ፎስተር»። የስጦታ ደረሰኙንም እጠይቃለሁ። ካርዱ ላይ በአማርኛ «እጅዎ ይባረክ፣ ማክሰኞ ማታዎቼን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ እንግሊዝኛውን አደርጋለሁ። አማርኛውን ግን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ «ድገሚ» ካሉኝም እደግመዋለሁ።