የኤሌክትሪክ ቁጠባ ፕሮፖዛል፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት። ረቂቁ ደርሷችኋል ብዬ አምናለሁ። ቤተሰቦች ልማዳቸውን ቀይረው ኤሌክትሪክ እንዲቆጥቡ እናበረታታ ነው ነገሩ። ለጊዜው የታሰበው ሃያ ምክር ያለበት በራሪ ወረቀት አሳትሞ ማደል ነው። ግቡ 30 በመቶ ቅነሳ። ሳትሳሱ ተቹት።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው አባል፦ አስተባባሪያችን፣ ልፋታችሁ ይደነቃል። ግን ከምክሮቹ ግማሽ ያህሉ ስለ አምፖል ነው። ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ አብዝቶ የሚበላው ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው። እስቲ እናስላው። 10 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 0.23 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በዚሁ 23 ሰዓት ያህል ይበራል። ሻወሩ በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስ ከሆነ፣ አንድ ደቂቃ ቀድሞ መውጣት አምፖሉን ቀኑን ሙሉ ከማጥፋት ጋር እኩል ነው።

መምህርቷ፦ ሰው ግን ይህን አያውቅም። በ2010 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 505 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ኃይል ለመቆጠብ ምን ይሻላል ሲባሉ ብዙዎቹ መብራት ማጥፋትን የመሰለ ነገር ነው የጠቀሱት። ብዙ የሚፈጁ ዕቃዎችን ፍጆታ ደግሞ በጣም አሳንሰው ገመቱ። ስለዚህ ሃያውን ትተን ሦስት ምክር ብቻ እንምረጥ። አጻጻፉም ይቀየር። «ቦይለር አጥፉ» ከማለት «መጨረሻ የታጠበ ሰው ሲወጣ ቦይለሩን ያጥፋ» ይባል። ያኔ ማን፣ መቼ እንደሚያጠፋ ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው አባል፦ እስማማለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የቦይለሩን ሙቀት ዝቅ አድርጉ የሚለው ምክር ይውጣ። ቦይለሩ ሁልጊዜ ከ60 ዲግሪ በታች ከተደረገ በተጠራቀመው ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ፍሪጅ ማታ ማታ ይነቀል የሚለውም ይሰረዝ፤ ምግብ ማበላሸት ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ አልጣመኝም። ተነቦ ይጣላል። ከዚህ ይልቅ ለየቤቱ በየወሩ የራሱን ፍጆታ ከጎረቤቶቹ አማካይ ጋር የሚያሳይ ደብዳቤ እንላክ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሞክሮ ውጤቱ በ2007 ታትሟል። ከአማካዩ በላይ የነበሩት ቀነሱ። ጉዱ ያለው ከታች በነበሩት ላይ ነው። «ለካ እኛ ቆጣቢ ነን» አሉ መሰለኝ፣ ፍጆታቸው ጨመረ! ከቁጥሩ ጎን የፈገግታ ምልክት የተሳለላቸው ቆጣቢዎች ግን እንደዚያ አልጨመሩም። አንዲት ትንሽ ሥዕል ናት እንግዲህ።

አንዲት እናት አባል፦ ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ እኔን ግን ቅር ብሎኛል። እኛ ቤት ሰባት ነን፣ ሕፃንም ታማሚም አለ። ከባልና ሚስት ጋር ልታወዳድሩን ነው? ደግሞ ስማችን ቢለጠፍ መሳቂያ መሆን ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እውነትዎን ነው እማማ። በቤተሰብ ብዛት እንከፋፍለው። ደብዳቤው ታሽጎ ለባለቤቱ ብቻ ይድረስ፣ ደብዳቤውን የማይፈልግም ከዝርዝሩ ይውጣ። ስም መለጠፍ የሚባል ነገር አይኖርም።

መምህርቷ፦ ቀድሞውንም በጣም ትንሽ የሚጠቀሙ ቤቶች አሉ። ለእነሱ «ቀንሱ» የሚል ቃል አይጻፍ። ምናልባት በቂ ሙቀትና መብራት ሳያገኙ ነው የሚኖሩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛሉ ውስጥ በግልጽ አስገቡልኝ።

አስተባባሪ፦ ይገባል። 30 በመቶውስ?

ሒሳብ ያዥ፦ እሱን ይዘን ገንዘብ ሰጪ ፊት ብንቀርብ እንዋረዳለን። አሜሪካ ውስጥ ወደ 600 ሺህ በሚጠጉ ቤቶች የተካሄደው የደብዳቤ ፕሮግራም አማካይ ቅነሳው 2 በመቶ ነበር፤ ውጤቱ በ2011 ታትሟል። እዚያው አካባቢ ያለ ግብ እንያዝ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለማንም አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው አባል፦ መለኪያው ላይ ደግሞ ጠንቀቅ እንበል። አየሩ ሲለዋወጥ ፍጆታም ይለዋወጣል። ፈቃደኞቹን በዕጣ ለሁለት እንክፈል። ግማሹ አሁን ደብዳቤ ያግኝ፣ ግማሹ በሁለተኛው ዙር። ያኔ ልዩነቱ ከእኛ ሥራ ይምጣ ከአየሩ እናያለን።

አስተባባሪ፦ ደብዳቤው ሲቆምስ? ሰው ወደ ድሮው ልማዱ አይመለስም?

መምህርቷ፦ የተወሰነው ይመለሳል። ቢያንስ ሁለት ዓመት በጀት እንጠይቅ፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ በኋላ በየሦስት ወሩ።

አስተባባሪ፦ ተስማምተናል። መምህርታችን ሦስቱን ምክሮች ይጻፉልን፤ ሒሳብ ያዣችን በጀቱን ይከልሱ። የቀረን የቆጣሪ ንባብ የሚሰበስብ ሰው ነው።

አንዲት እናት አባል፦ የእኛን ሕንፃ ለእኔ ተዉት። ለልጆቹ ነግሬ በየወሩ መጀመሪያ አስመዘግባለሁ። የሌላውን ሕንፃ ግን ሌላ ሰው ይያዝ፣ ደረጃ መውጣት አልችልም።