ፊፍቲና ፊፍቲን አስቸገሩኝ፤ እባካችሁ መላ በሉኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛ ማንበቡም መጻፉም አያቅተኝም። ጭንቄ ስልክ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ ደንበኛ ደውሎ ስንት ካርቶን እንደደረሰ ጠየቀኝ። "ፊፍቲን" አልኩት። እሱ 50 ብሎ መዘገበ። ከዚያ 35 ካርቶን የት ገባ ተብሎ ግማሽ ቀን ሲፈለግ ዋለ! አለቃዬ አልተቆጣም። ግን ከዚያ ወዲህ ቁጥር ያለበት ስልክ ሲመጣ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ይኼ ከቁጣው ይብሳል።

አንዷ ባልደረባዬ ልዩነቱ ድምፁ የሚጎላበት ቦታ ነው አለችኝ። በ15 መጨረሻው "ቲን" ጎላና ረዘም ይላል፤ በ50 ደግሞ መጀመሪያው "ፊፍ" ነው የሚጎላው። ገባኝ። አፌ ግን እሺ አይልም። እኛ የበዓሉን ገና "ገና አልመጣም" ከሚለው የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። እኔም ሳላስበው እንግሊዝኛውን አጠብቀዋለሁ መሰለኝ።

13 እና 30ማ ድርብ ፈተና ናቸው። መስታወት ፊት ቆሜ የምላሴን ጫፍ በጥርሶቼ መሀል ሳወጣ የመጀመሪያው ድምፅ ይመጣልኛል። ስልክ ሳነሳ ተመልሶ "ሰርቲ" ይሆናል።

ለጊዜው "ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ" እያልኩ አሃዞቹን ለየብቻ እደግማለሁ። በስልክ ያስኬዳል፤ ስብሰባ ላይስ? ይኼ ችግር የነበረባችሁ፣ በምን ተለማመዳችሁ? የራስን ድምፅ ቀድቶ መስማት ይጠቅማል? ወይስ የግድ አስተማሪ ያስፈልጋል? በቀን ግማሽ ሰዓት አላጣም።